አሮጌ ዕቃ በአዲስ ቤት

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ስለ ብዙ ነገር የሚነገር ቢሆንም፣ ይበልጥ እውነት ሆኖ የሚታየው በየቤታችን ማእዘን ተቀምጦ አቧራ በሚጠጣው አሮጌ ዕቃ ላይ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሞቅ ሲል በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ይሰማል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የቀረ ነው ይባላል። ሰውየው ግን ዛሬ የሚገዛው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ጠርሙሱን፣ እግሩ የተሰበረውን ወንበር፣ የማይሠራውን ሬዲዮ፣ የተሸነቆረውን ድስት፣ የአያትን የልብስ ሣጥን፣ ያገኘውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ይመጣል፤ እርሱም አሮጌውን ወስዶ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። እመቤቲቱም ቤቷ ስለ ጸዳላትና አዲስ ሳፋ ስላገኘች ደስ ይላታል። ከቤቷ የወጣው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ወዴትም እንደሚሄድ የምትጠይቅ ግን ጥቂት ናት።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ፣ ከባላቸው ጋር ትዳር ሲመሠርቱ የተሠራችላቸው የዋንዛ ብፌ በደረጃው አልዞር አለች። ሦስት ጎረምሶች እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ታግለው መልሰው አወረዷት። ቆራሌው ተጠራ።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ለማገዶ ካልሆነች ለምንም አትሆንም፤ አርጅታለች» አላቸው።

«ማርጀቱንስ እኔም አርጅቻለሁ ልጄ፤ በል የምትሰጠኝን ስጠኝና ውሰዳት» አሉት።

በተቀበሉት ገንዘብ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ገዙ። ከጥቂት ወራት በኋላ እኛ በከተማው ውስጥ አዲስ ወደ ተከፈተ አንድ ቡና ቤት ገብተን ስንቀመጥ፣ ያችው ብፌ ተወልውላ፣ መስታወቷ ታጥቦ፣ በውስጧም ብርሌና የሸክላ ጀበና ተደርድሮባት አየናት። ያች መሆኗን ያወቅነው ባልቴቲቱ በወጣትነታቸው የከሰል ካውያ ረስተው ያቃጠሏት ባለ ሦስት ማእዘን ጥቁር ምልክት በላይዋ ላይ ስለ ነበረ ነው። አስተናጋጁን ዋጋዋን ብንጠይቀው፣ «የሚሸጥ አይደለም፤ የቤቱ ጌጥ ነው» ሲል መለሰልን።

በዚህ ነገር ማንንም ለመውቀስ አይቻልም። ቆራሌው የሚያውቀውን ዋጋ ከፍሏል። የቡና ቤቱም ባለቤት ማገዶ ሊሆን የነበረውን ዕቃ አድኖታል። የሚያሳዝነው ነገር ግን የዕቃውን ዋጋ ያወቀው በመንገዱ ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ የመጨረሻው ብቻ መሆኑ ነው። ዕቃዋን ለብዙ ዓመት የያዟት እናት ያገኙት ከሁሉ ያነሰውን ነው። ስለዚህ የዛሬው አሳባችን ሁለት ነው፤ ይኸውም ከቤት የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳይጠይቁ አለማውጣት፣ ወደ ቤት የሚገባውንም ሳይጠይቁ አለማስገባት ነው።

ነገሩ ዛሬ ለምን ተነሣ?

በያገለገለ ዕቃ ቤትን ማሳመር ቀድሞ የችግረኛ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ልጁን ሲድር ሁሉም አዲስ እንዲሆን ይመኛል፤ «ሰልባጅ» የሚለው ቃል ራሱ በሰዎች አነጋገር ውስጥ የንቀት ቃና ይዞ ቆይቷል። ዛሬ ግን ነገሩ እየተገለበጠ ነው። ለዚህም ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉት።

አንደኛው የገንዘብ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሶፋ ብቻ ሳይሆን፣ አገር ውስጥ የሚሠራውም የቤት ዕቃ ከውጭ የሚገባ ጣውላ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ቀለም የሚፈልግ እንደ መሆኑ መጠን፣ የዋጋው ለውጥ ከአናጢው ሱቅ ድረስ ደርሷል። ደመወዝተኛው ሰው ጎጆ ሲወጣ ዓይኑን ወደ አሮጌው ዕቃ ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው የአኗኗር ለውጥ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ግቢ ካለው የቀበሌ ቤት ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ተዛውሯል። ከ2016 ዓ. ም. ወዲህም በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። የተንጣለለው ቁም ሣጥን፣ የናስ ጌጥ ያለው አልጋ፣ ጠላ የተጠመቀበት ጋን፣ ለሠላሳ ሰው የሚበቃው መሶብ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቦታ ያጣሉ። ቀደም ብለው ከተሠሩት የጋራ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ከምድር ቤት በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ሲሆኑ፣ ደረጃቸውም ለጋን ተብሎ የተሠራ አይደለም። የአንድ ትውልድ የቤት ዕቃ ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የስሜት ነገር ነው። ከመንደሩ የወጣ ሰው መንደሩን በዕቃ ይፈልገዋል። የባህል ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አሮጌ ፋኖስ፣ እንስራ፣ አገልግልና የጥንት ሬዲዮ በግድግዳቸው ላይ ሲሰቅሉ እንግዳው የሚደሰተው፣ አያቱ ቤት የገባ ስለሚመስለው ነው። ወጣቱም ያንኑ በምግብ ቤት ያየውን በገዛ ሳሎኑ ለማድረግ ይመኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ወገኖቻችንም ለእረፍት ሲመጡ ረከቦትና መሶብ፣ የጅማ በርጩማና ሙዳይ ይዘው መመለስ ይወዳሉ።

ከቆራሌው እስከ ሳሎን

ዕቃው ከድሀው ጓዳ ተነሥቶ እስከ ባለጸጋው ሳሎን የሚሄድበትን መንገድ ብንከተል አብዛኛውን ጊዜ በመርካቶ በኩል ያልፋል። እንደሚታወቀው መርካቶ በፋሺስት ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ እንዲሄድ በተደረገበት ስፍራ የተስፋፋ ሲሆን፣ ስሙም ገበያ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። በዚያ ውስጥ «ምን አለሽ ተራ» የሚባለው ክፍል የቆራሌው ሸክም የሚራገፍበት ነው። ብረቱ ለብረት፣ ጠርሙሱ ለጠርሙስ፣ እንጨቱ ለእንጨት ይለያል። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ ጫማ የሚያወጡት እጆች የሚገኙት እዚህ ነው። በእውነቱ ከሆነ የከተማችንን ቆሻሻ በመቀነስ ረገድ የእነዚህ ሰዎች ውለታ ገና አልተነገረም።

ይሁን እንጂ የምን አለሽ ተራ ሚዛን የሚመዝነው ኪሎ ነው። የናስ ሰታቴና የናስ ቧንቧ በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ከመቶ ዓመት በፊት በእጅ የተቀጠቀጠውና ትናንት ከፋብሪካ የወጣው ዋጋቸው እኩል ነው። ስለሆነም ሻጩ ቤት ሳለ ያልተጠየቀው ጥያቄ እዚህም ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ዕቃው ወይ ይቀልጣል ወይ ይነድዳል፤ ዕድለኛ ከሆነ ብቻ ዓይን ያለው ሰው ያነሣዋል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በፓሪስ ከተማ ጨርቅና አሮጌ ብረት እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም የኛን ቆራሌዎች የሚመስሉ ናቸው። ከከተማው ቅጥር ውጭ ሲገፉ በሴንትዋን በኩል ሰፍረው የለቀሙትን መሸጥ ጀመሩ። የዚያ ገበያ መነሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1885 ዓ. ም. ነው ተብሎ ይቆጠራል። የከተማው ሰዎች በአሮጌው ፍራሽና ልብስ ውስጥ ተባይ ይኖራል በማለት «የቁንጫ ገበያ» ብለው በስላቅ ሰየሙት። ዛሬ ግን ያ የቁንጫ ገበያ ከዓለም ዙሪያ ሀብታሞች ቤታቸውን ለማስጌጥ የሚሄዱበት ሆኗል። ለውጡን ያመጣው ዕቃውን የሚያውቁ፣ የሚጠግኑና ታሪኩን የሚናገሩ ነጋዴዎች በመካከል መነሣታቸው ነው። በእኛም ዘንድ የጎደለው ይህ የመካከለኛው እጅ፣ ማለት ጠጋኙና አዋቂው ነው።

የእንጨቱ ነገር

አሮጌ የቤት ዕቃ የሚወደደው ለናፍቆት ብቻ ነው የሚል አለ፤ ነገር ግን ከናፍቆት በላይ የሆነ ምክንያት አለው። የቀድሞ አናጢዎች ይሠሩ የነበረው በአብዛኛው በዋንዛ፣ በዝግባ፣ በጥድና በወይራ ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ብዙው ዕቃ ግን የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨፍልቆ ከተሠራ ሰሌዳ፣ «ኤም ዲ ኤፍ» ከሚሉት የሚሠራ ነው። ይህ ሰሌዳ ለዓይን የሚያምር፣ ለመሥራትም የሚቀል ቢሆንም፣ ውኃ ከገባበት ያብጣል፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከላላ ዳግመኛ አጥብቆ አይዝም። የዋንዛ ብፌ ግን ፈትተው፣ ልገው፣ መልሰው ቢገጣጥሟት ሌላ ሃምሳ ዓመት ታገለግላለች።

ከዚህም በላይ እነዚያ ዛፎች እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። ገና በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አሮጌ የዝግባ ቁም ሣጥን የሚገዛ ሰው ዛፍ ሳይቆርጥ እንጨት አገኘ ማለት ነው። የጅማን በርጩማ እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ይህ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ያለ ምስማርና ያለ መጋጠሚያ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እንደ ቅርጽ ሥራ በክብር የሚያስቀምጡትን በርጩማ እኛ ለማገዶ ስንፈልጠው፣ የፈለጥነው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን የፈልፋዩንም ጥበብ ነው።

አራት ዓይነት አሮጌ

በአነጋገራችን ሁሉንም «አሮጌ» ብለን ስለምንጠራው አሳባችን ይምታታል። በእኛ አስተያየት ግን አራት ዓይነት አሮጌ አለ፤ ገዢም ሻጭም እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ያለቀለት ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፣ ምስጥ የጨረሰው ጣውላ የዚህ ወገን ነው። ይህን ለቆራሌው መስጠት ትክክል ነው።

ሁለተኛው ያገለገለ ነው። አሁንም የሚሠራ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አልጋ ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች ያገለገሉ ዕቃዎቻቸውን በጨረታ እንደሚሸጡ በጋዜጣ ያስታውቃሉ፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ሰዎችም የቤታቸውን ዕቃ በቴሌግራም ገበያ ያወጣሉ። ለአዲስ ጎጆ ወጪ ቆጣቢው መንገድ ይህ ነው።

ሦስተኛው የድሮ ዕቃ ነው፤ ይኸውም አሠራሩ ቀርቶ የማይደገም ነው። ባለ ፔዳል የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪና፣ ባለ እንጨት ሣጥን ሬዲዮ፣ የከሰል ካውያ፣ የጠፍር አልጋ፣ የጥንት ብርሌ በዚህ ይመደባሉ። ቤት የሚያስጌጠው ይህ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ሳይታወቅ የሚባክነውም ይኸው ነው።

አራተኛው ቅርስ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ጽናጽል፣ የጥንት ሥዕል፣ የአርበኛ ጋሻ፣ እነዚህና የመሳሰሉት የአንድ ሰው ብቻ አይደሉም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ በራሱ ወጪም እንዲንከባከብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በዚህ በአራተኛው ላይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

አንዳንድ ሰዎች ሳሎናቸውን ለማስጌጥ ሲሉ የመቋሚያ መስቀል ወይም ከብራና መጽሐፍ ተቀድዶ በመስታወት የተከበበ ቅጠል ይሰቅላሉ። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። ነገር ግን ያች የብራና ቅጠል ከመጽሐፏ የተለየችው በቢላዋ ነው። መጽሐፉም ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል። ገዢ ባይኖር ኖሮ ቢላዋው ባልተመዘዘ ነበር።

በ1989 ዓ. ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው ዝነኛ መስቀል በቤልጅየም ከሚኖር ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ የተመለሰው በ1993 ዓ. ም. ነው። ከትግራይ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋው የ18ኛው መቶ ዓመት ዘውድም በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ አቶ ሲራክ አስፋው በተባሉ ኢትዮጵያዊ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለ21 ዓመታት ቆይቷል። አቶ ሲራክ ዘውዱን ያገኙት አንድ እንግዳ ቤታቸው ባመጣው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የሌላ ወገን ገንዘብ መሆኑን ስላወቁ አንሸጠውም፣ አናወጣውም ብለው ጠብቀው፣ በመጨረሻ በየካቲት ወር 2012 ዓ. ም. ለአገሩ እንዲመለስ አድርገዋል። ያ ዘውድ በእርሳቸው ሳሎን ቢሰቀል ኖሮ ቤታቸውን ያሳምር ነበር። እርሳቸው ግን የሰው ወርቅ እንደማያደምቅ ያወቁ ሰው ናቸው።

ነገሩ በዘውድና በመስቀል ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ2013 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ በሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት፣ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ዕቃዎች ውስጥ የብራና መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ቀርበው ነበር። ኢትዮጵያ ባቀረበችው ጥያቄ ከጨረታው ወጡ፤ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅትም ገዝቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ በለንደን ለሚገኘው ኤምባሲያችን አስረክቧል። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። የቀንድ ዋንጫ ማለት አባቶቻችን ጠላና ጠጅ የጠጡበት፣ በብዙ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ ዕቃ ነው። መንግሥት ከባሕር ማዶ ለማስመለስ የደከመለትን ዓይነት ዕቃ፣ እኛ ለፕላስቲክ ጆግ ስንለውጠው ድካሙ ምን ፍሬ አለው?

ለገዢ የሚሆን ምክር

ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ቤቱን ለማሳመር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቢያስተውል ይጠቀማል።

የእንጨት ዕቃ ሲገዛ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውንና ሆዱን ይመልከት። መሳቢያውን አውጥቶ ማእዘኑን ይይ። ማእዘኑ በምስማር ብቻ የተመታ ሳይሆን እንጨቱ እርስ በርሱ እንደ ጣት የተቆላለፈ ከሆነ ሠሪው ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ትንንሽ ቀዳዳዎችና በሥራቸው አዲስ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካየ ግን፣ የሚበላው ተባይ ገና በውስጡ ስለሚኖር ወደ ቤቱ አያስገባው፤ ሌላውን ደኅና ዕቃ ይበክልበታልና።

ጨርቅ የለበሰ ሶፋና ፍራሽ ከሆነ ትኋንን ይፍራ። ስፌቱንና እጥፋቱን በባትሪ መብራት ገልጦ ማየት፣ ከተቻለም ጨርቁንና ስፖንጁን አውጥቶ እንጨቱን ብቻ መጠቀም ይሻላል።

አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ በአሸዋ ወረቀት በደረቁ አይፈግፍግ፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት። በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ስለሚገኝና ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ በአገራችን በ2011 ዓ. ም. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ይህን ወሰን የሚያውቅ አይደለም። አሮጌ መብራትና ሬዲዮም ሽቦው በባለሙያ ሳይታደስ በኤሌክትሪክ ላይ መሰካት የለበትም።

ስለ አደራደሩ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ሳሎንን በአሮጌ ዕቃ መሙላት ቤትን መጋዘን ያደርገዋል። አንዲት የድሮ ብፌ፣ አንድ በርጩማና በግድግዳ ላይ አንድ ሰፌድ ለአንድ ክፍል በቂ ጌጥ ናቸው። ከሁሉም የሚሻለው ዕቃው በተሠራበት ሥራ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። መሶቡ እንጀራ ቢቀርብበት፣ ጀበናው ቡና ቢፈላበት፣ በርጩማው ሰው ቢቀመጥበት ውበቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለመብራት ማቆሚያ ሲሉ ጥሩውን እንስራ መብሳት፣ ወይም የሲንጀሩን መኪና ጥሎ እግሩን ብቻ ለጠረጴዛ መውሰድ ግን ሁለተኛ የማይመለስ ጥፋት ነው። የማይሠራውና የተሰበረው ለዚህ ይበቃል።

በመጨረሻም ዕቃውን ሲገዙ ከሻጩ ጋር ዋጋ ብቻ አይነጋገሩ። የማን ነበር? ከወዴት አገር መጣ? ምን ይሠሩበት ነበር? ብለው ይጠይቁ። የተነገረዎትንም በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከመሳቢያው ውስጥ ያኑሩ። ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ለልጅ ልጅ ሲደርስ ተራ ጣውላ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር፣ ሻጩም ለመናገር የሚያመነታ ከሆነ ደግሞ ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

ምን ይደረግ?

ይህን ጉዳይ ለግለሰብ ብቻ መተው አይበቃም። ቤተ ሰቦች ከአሮጌ ሰፈር ወደ አዲስ ሰፈር ሲዛወሩ፣ የወረዳው አስተዳደር ዕቃ የሚያውቅ አንድ ሰው መድቦ ከመሸጣቸው በፊት ምክር እንዲያገኙ ቢያደርግ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም አዲስ ዕቃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን አሮጌውን መጠገንን እንደ ሙያ ቢያስተምሩ፣ ከላይ የጠቀስነው የመካከለኛው እጅ ይፈጠራል። ለብዙ ወጣትም እንጀራ ይሆናል። የምን አለሽ ተራ ነጋዴም ኪሎውን ትቶ ዕቃውን መመዘን ቢማር የሚጠቀመው ራሱ ነው። ለኪሎ የሸጠውን ናስ ለሙያው ሲሸጠው የሚያገኘው ትርፍ የተለየ ይሆናልና።

መምህራንም ተማሪዎቻቸውን «በቤታችሁ ካለው ዕቃ ሁሉ ከእናንተ ዕድሜ የሚበልጠውን ፈልጉና ታሪኩን ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ» ቢሏቸው፣ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚበቃ ጥሩ የቤት ሥራ ከመሆኑም በላይ፣ ብዙ ዋንጫና ብዙ ሙዳይ ከቆራሌው ጆንያ ይተርፍ ነበር።

ያየነውን ለባልቴቲቱ ሄደን ስንነግራቸው ይቆጫሉ ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ትንሽ ዝም ብለው፣ «እሰይ፣ ከማገዶ ተረፈች! ያን የካውያውን ጠባሳ አልፋቁትም?» ሲሉ ጠየቁን። አልፋቁትም አልናቸው። «ያን ቀን ልጄ ሊወለድ ምጥ ጀምሮኝ ነው የረሳሁት» አሉና ሳቁ።

በቡና ቤቱ የሚቀመጠው እንግዳ ሁሉ ያን ጥቁር ምልክት ያያል፤ ምን መሆኑን ግን የሚነግረው የለም። ብፌዋ ተርፋለች፣ ታሪኳ ግን በደረጃው ላይ ቀርቷል። እንግዲህ ነገ ጧት «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ስንሰማ፣ በሩን ከመክፈታችን በፊት ወደ ጓዳ መለስ ብለን እናታችንን ወይም አያታችንን «ይህ ዕቃ ምንድን ነው? የማንስ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ ሳይጠየቅ የወጣው ዕቃ ግን ተመልሶ አይገባም።